ከበዓሉ ማግስት ምን ይቀራል? የአማራ ክልል ለቱሪዝም፣ ለስፖርትና ለባህል የሚሰጠው ድጋፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥር 23 ቀን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው እንጅባራ ነበርኩ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ፈረሶቹ አጊጠዋል፤ ሜዳው በአቧራና በእልልታ ተሞልቷል። ከዳር በኩል በተተከለው ድንኳን የክብር እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ንግግር ተደረገ፣ መግለጫ ተሰጠ፣ ካሜራው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ዞረ። በማግስቱ ያንኑ ሜዳ ዳግም ጎበኘሁት። ድንኳኑ ተነቅሏል። አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየሳቡ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ አግኝቼ አወጋኋቸው። የእሳቸው ጭንቀት ስለ በዓሉ ድምቀት አልነበረም። የግጦሽ መሬት ስለመጥበቡና ፈረስ ማርባት ለልጆቻቸው ከባድ ሸክም እየሆነ ስለመምጣቱ ነበር ያጫወቱኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። የክልል መንግሥት ለቱሪዝም፣ ለስፖርትና ለባህል ድጋፍ አደርጋለሁ ሲል ድጋፉ የሚደርሰው ለፈረሱ ነው ወይስ ለድንኳኑ? የዛሬው ጽሑፌ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የድጋፉን አሠራር ከሕጉ እስከ ሜዳው ይቃኛል። ለምሳሌ የወሰድኩት ብዙ የተመላለስኩበትን የአማራ ክልልን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበባትና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 91 ደግሞ ባህሎች በእኩልነት እንዲጎለብቱ የመርዳት ግዴታን ይጥላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ለሥነ ጥበብ የሚደረገው ድጋፍ “አቅም በፈቀደ መጠን” የሚል መንፈስ ያለው ገደብ ተቀምጦለታል። ይህች ገደብ ትንሽ ትመስላለች፤ በጀት ሲጠብብ ግን መጀመሪያ የሚነካው ዘርፍ የትኛው እንደሆነ አስቀድማ የምትናገር እሷ ናት።

ቅርስን በተመለከተ ሥልጣን ለሁለት ተከፍሏል። የቅርስ አጠባበቅ ብሔራዊ መመዘኛና መሠረታዊ ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ዋናውን የጥገና ፈቃድ ለፌዴራሉ የቅርስ መሥሪያ ቤት ሰጥቷል። ክልሉ በበኩሉ በባህልና ቱሪዝም ቢሮው፣ በዞን መምሪያዎችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በኩል ይመዘግባል፣ ይጠብቃል፣ ያስተዋውቃል፣ አስጎብኚዎችን ያደራጃል። ስፖርት ደግሞ የራሱ መዋቅር አለው። በፌዴራል ደረጃ በ2014 ዓ.ም. ቱሪዝም ለብቻው ሚኒስቴር ሲሆን ባህልና ስፖርት በአንድ ሚኒስቴር ሥር ተጠቃለዋል።

ገንዘቡ በየት በኩል ያልፋል?

የክልሉ በጀት በዋናነት ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ሲሆን ሁለተኛው ክልሉ ራሱ የሚሰበስበው ገቢ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ለቢሮዎች ይመድባል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ስለሚሰጣቸው፣ ለባህልና ቱሪዝም ምን ያህል እንደሚመደብ የሚወስነው የወረዳው ምክር ቤት ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህር፣ የጤና ባለሙያና የግብርና ሠራተኛ ከተከፈላቸው በኋላ የተረፈችው ገንዘብ ለመንገድ፣ ለውሃና ለሌላውም ትሻማለች። በአንድ ወረዳ ያገኘሁት የባህል ባለሙያ የቅርስ ምዝገባ ቅጾቹን በቁም ሳጥን ቆልፎ አስቀምጧቸዋል። ወደ ገዳማቱ ለመሄድ ግን የሚጓዝበት ተሽከርካሪም ሆነ የቀን አበል አልነበረውም። የዓመት በዓል ሰሞን ግን ከላይም ከታችም በጀት ይፈለጋል፤ በዓል ይታያላ! በቁም ሳጥን ውስጥ ያለ መዝገብ ደግሞ አይታይም።

ቱሪዝም፦ ክልሉ አስተናጋጅ ነው ወይስ ባለቤት?

ክልሉ ሦስት ስመ ጥር የዓለም ቅርሶች አሉት። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የጎንደሩ ፋሲል ግንብ ደግሞ በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ይሁንና በሦስቱም ላይ ክልሉ ብቻውን አዛዥ አይደለም።

ላሊበላን እንውሰድ። አብያተ ክርስቲያናቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የጎብኚ መግቢያ ክፍያ የምትሰበስበውም ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ከዝናብ ይከላከላሉ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት የብረት መጠለያዎች ጊዜያዊ ነበሩ። ዓመታት ሲነጉዱ ግን ነዋሪው ክብደታቸው ቅርሱን ይጎዳዋል ብሎ ሠጋ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ። ሕዝቡ አቤት የሚለው ለሚያየው አስተዳደር ማለትም ለከተማው፣ ለዞኑና ለክልሉ ነው። መጠለያውን የማንሳት ወይም የመተካት ውሳኔ ግን የፌዴራሉን የቅርስ መሥሪያ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኗን፣ የዩኔስኮንና የገንዘብ ሰጪዎችን ስምምነት ይጠይቃል። ክልሉ ተወቃሽ ነው፤ ቁልፉ ግን በእጁ የለም።

የሰሜን ተራሮችም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ለዓመታት በክልሉ ሲተዳደር ከቆየ በኋላ ወደ ፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተመለሰ። ከአደጋ ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለዚህ ከረዱት ሥራዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ መደረጉ ነው። ምትክ ቦታ ማዘጋጀቱ፣ ካሳውና የሰፈራው ጣጣ ደግሞ ያለ ክልሉና ያለ ወረዳው አስተዳደር የሚሆን አልነበረም። ዓለም ያጨበጨበው ለዋልያው ነው፤ ቤቱን ለቆ የወጣውን ገበሬ በቅርብ የሚያውቀው ግን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው።

ከሁሉ የከበደው ደግሞ ሰላም ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሮና ጎብኚን አስቀረ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት መጣ። የላሊበላና የጎንደር አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይ፣ የሆቴል ሠራተኛና የእደ ጥበብ ሻጭ ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ ጎብኚ ሲቀር ገቢያቸው በዚያው ዕለት ይቆማል። ለዚህ ዓይነቱ ክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠ መጠባበቂያ በአካባቢው ላይ አላየሁም። ያነጋገርኳቸው አስጎብኚዎች ያጡት ማስታወቂያ ሳይሆን ይህንኑ ነው።

ስፖርት፦ ከስታዲየሙ በፊት

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት ሕዝባዊ መሠረት እንዲኖረው ያልማል። በተግባር ግን ትልልቆቹ የእግር ኳስ ክለቦች የቆሙት በከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ ነው። ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከነማ ስማቸው ራሱ ይህንን ይነግረናል። የተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ እየነካ ሲሄድ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ውሳኔው ራሱ ከሕዝብ ካዝና ምን ያህል ይወጣ እንደነበር የሚያሳብቅ ነው።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። በዚያው ዓመት ሊጉ በኮሮና ምክንያት በተመረጡ አምስት ከተሞች ተወስኖ ስለተካሄደ፣ ጎንደሬው ሻምፒዮን የሆነውን ቡድኑን በገዛ ሜዳው አላየውም። ባሕር ዳር ግን ከአዘጋጆቹ ከተሞች አንዷ ስለነበረች ሆቴሎቿና ባጃጆቿ ሥራ አግኝተዋል። ስፖርትና ቱሪዝም የተሳሰሩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

የባሕር ዳር ስታዲየም ግን ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያዘጋጀችውን የሴካፋ ዋንጫ ጨዋታዎች ያስተናገደ፣ ብዙ ሺሕ ሕዝብ የሚይዝ ሜዳ ነው። ሆኖም ማጠናቀቂያው ለዓመታት ተጓተተና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ አገደው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ጋናን ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። የጎደለው የመልበሻ ክፍል፣ ወንበር፣ መብራትና የመሳሰለው ነው። ለምርቃት የማይመች፣ ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ ማለት ነው። በወልድያም በባለሀብቱ ሼክ ሙሐመድ አል አሙዲን ስጦታ የተሠራው ዘመናዊ ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ የከተማው ክለብ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ሜዳ ብቻውን ክለብ አያቆምም።

አትሌቲክሱ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አለው ባይ ነኝ። አማራ ማረሚያና አማራ ፖሊስን የመሰሉ ክለቦች ሯጩን ቀጥረው ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍሉታል። ድምቀት የለውም፤ የገጠሩ ልጅ ግን እየበላ ይሮጣል። ድጋፍ ለፈረሱ ሲደርስ ማለት ይሄ ነው።

ኪነ ጥበብ፦ ከኪነት ቡድን እስከ ባህል ማዕከል

በደርግ ዘመን የየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች በመንግሥት ሥር ነበሩ። ዓላማቸው ቅስቀሳ እንደነበር አይካድም። የወሎው ላሊበላ ኪነት እንደነ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያንን፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ ኪነትም የአካባቢውን ዜማና ውዝዋዜ ለአገር ማሳወቃቸው ግን እውነት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከያኒው ቋሚ ደመወዝ፣ የልምምድ ቦታና የሙዚቃ መሣሪያ ነበረው።

ዛሬ በክልሉ ይህንን ሚና የያዘው በባሕር ዳር የሚገኘው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ነው። ከእሱ ውጭ ያለው አዝማሪና የቴአትር ጀማሪ ግን ኑሮው በምሽት ቤት ሽልማትና በሠርግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በበዓል ቀን ለመድረክ ይጠራል፤ በማግስቱ የሚለማመድበት አዳራሽ የለውም።

ጥንቃቄም ድጋፍ ነው

የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ዓመት ጥምቀት ዕለት በጎንደር አፄ ፋሲል መዋኛ ለታዳሚ የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ይህንን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። በዓልን መደገፍ ማለት እንግዳ መጥራት ብቻ ሳይሆን መቀመጫውን መፈተሽ፣ መውጫ በር ማዘጋጀትና አምቡላንስ ማቆምም እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ይህ ደግሞ ከማንም ይልቅ በክልሉና በከተማው እጅ ያለ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

እስከ አሁን እንዳየነው ክልሉ የብዙዎቹ ሀብቶች ባለቤት አይደለም። ቅርሱ የቤተ እምነት፣ ፓርኩ የፌዴራል፣ ክለቡ የከተማ፣ ፈረሱ የገበሬው ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ የተዋጉ ፈረሶችና ፈረሰኞች እንዲታሰቡ በአባላቱ ፈቃድ ነው፤ መንግሥታት ሲፈራረቁም አልፈረሰም። ማኅበሩን ያቆየው የአባላቱ መዋጮና መተጋገዝ እንጂ ድንኳን አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው የበጀት ዓመት ሲመጣ አንባቢ የአካባቢውን የምክር ቤት ተወካይ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። ለባህልና ለስፖርት ከተመደበው ገንዘብ ለበዓል ቀን የዋለውና ለዓመቱ ሥራ የዋለው ስንት ስንት ነው? በአካባቢው ያለው ቅርስ ተመዝግቧል ወይ? ጎብኚ ሲጠፋ አስጎብኚውን የሚያግዝ ሥርዓት አለ ወይ? መልሱ ከተገኘ፣ ድጋፉ ለማን እንደሚደርስ ያን ጊዜ እናውቃለን።

አበው “ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው” ይላሉ። እኔ እንጅባራ ላይ ያየሁት ግን ሜዳው ሲጠብብ፣ ፈረሱም ሲቀንስ ነው። ሁለቱም ካለቁ ድንኳኑ ለማን ይተከላል?