የጓሳ ሕግና የምድጃው ጥያቄ

የመንዝ ሰው «ታዳሽ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ የታዳሽ ሀብት ሕግ ነበረው። በጓሳ ደጋ ላይ «ቀሮ» የተባለው ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ባለርስቶች አባ ቀራ ይመርጣሉ። እሱ በሚመራው ሥርዓት ጓሳ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ለክዳን፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ፣ መስኩ ለግጦሽ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። ከቀኑ በፊት የገባ ይቀጣል፤ ጠባቂውም የገዛ ጎረቤቱ ነው።

ቀሮ እንከን አልባ አልነበረም፤ ርስት የሌለው ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ግን ጠባቂውም አብሮ ተሻረ። ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ለሁሉም የተከፈተውም ተራቆተ። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቋቋመ፤ ክልሉም በሕግ ዕውቅና ሰጠው።

ይህ ታሪክ ለዛሬው የኃይል ፖለቲካም ትምህርት አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ እስከ 2020 ከኃይል ፍጆታው 20 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ወሰነ። ለእያንዳንዱ አገር የየራሱን አስገዳጅ ድርሻ ቆርጦ ሰጠ። ኅብረቱ 22 በመቶ ደረሰ። ፈረንሳይ 23 በመቶ ተመድቦላት 19 በመቶ ላይ ስትቀር ጉድለቷ በስሟ ተመዘገበ። ቆጠራው መብራትን ብቻ ሳይሆን የቤት ማሞቂያንና መጓጓዣንም ያጠቃልላል።

ኢትዮጵያም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አላት። ከኤሌክትሪኳ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ ስለሆነ በዓለም መድረክ በኩራት ትናገራለች፤ ኩራቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ቆጠራው ግድቡ ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 መብራት ለሁሉም እንደሚዳረስ አቅዶ ነበር። 2025 አለፈ፤ ዕቅዱ አልሞላም። ለጉድለቱ በስሙ የተጠየቀ ግን የለም።

በመንዝና በግሼ ደጋ ዛሬም እንጀራ የሚጋገረው በኩበት ነው። ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው እበት ምድጃ ውስጥ ያልቃል፤ መሬቱ ይሳሳል፤ ምርቱ ይቀንሳል። ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ የታዳሽ ኃይል ሪፖርት የለም።

ሕግ የሚጸናው ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን፣ በደረሰበት ቦታ የሚቆጥርና የሚጠይቅ ሲኖር ነው። ጓሳ አባ ቀራ ነበረው። ለምድጃው ማን አለው?