«የጭቃ መጥፋት» ሲባል

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው አሉቶ ላንጋኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ የእንፋሎት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል።

እንዲህ ባለ ሥራ «የጭቃ መጥፋት» ማለት፣ በቧንቧው ወደ ታች የተገፋው የቁፋሮ ጭቃ መሰርሰሪያውን አቀዝቅዞ፣ የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ መመለስ ሲገባው በዓለቱ ስንጥቅ ገብቶ መቅረቱ ነው። ያኔ ፍርስራሹ ታች ይከማችና ቧንቧውን ቀርቅሮ ይይዘዋል። ከባድ ኪሳራ ነው።

በነዳጅ ጉድጓድ ስንጥቁን መድፈን ይበጃል። በእንፋሎት ጉድጓድ ግን ያው ስንጥቅ የሙቅ ውኃው መምጫ ነው! ምርት በሚሰጠው ጥልቀት ሲሚንቶ ማፍሰስ ጉድጓዱን ማምከን ይሆናል። ስለዚህ በሲሚንቶ የሚደፈነው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ጭቃው ቀርቶ በንጹሕ ውኃ ወይም አየር በተቀላቀለበት ውኃ ይቆፈራል።