በጌጥ ውስጥ የተሰወረውን ፊደል ስለ ማወቅ

የጥንት ጸሓፊ ብራና ፍቆ ብርዕ ቀርጾ ሲጽፍ፥ ጌጡን ለገጹ ይሰጥ ነበር እንጂ ለፊደሉ አይሰጥም ነበር። የመጽሐፉን ራስ በሐረግ ይሸልማል፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ የፊደሉን መልክ ግን አይለውጥም። ስለዚህ በቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ የተማረ ደቀ መዝሙር፥ በሌላ አገር የተጻፈውን ብራና ሳይቸገር ያነብ ነበር።

ፊደሉ ከብራና ወደ ማተሚያ የተሻገረው በሮም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። እርሱም ፊደሉን ከኢትዮጵያውያን ተምሮ ቢያስቀርጸውም፥ ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ ተሳሳተ። በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በዚያው ከተማ ሲያሳትሙ፥ አታሚዎቹ ግእዝ የማያነቡ ስለ ነበሩ፥ ስለ ስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ ለመኑ። የፊደልን መልክ መለየትና ንባቡን ማወቅ ሁለት ነገር እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

በአዲስ አበባ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ኅትመት እየበዛ ሄደ፤ የጋዜጣው ርእስና የነጋዴው ምልክትም በጌጥ የተሣለ ፊደል ፈለጉ። እንዲህ ያለው ጽሕፈት ከየትኛው ፊደል እንደ ተወሰደ ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ፊደል ይፈልግ። ሁለቱ በነገር ሁሉ አንድ ከሆኑ ከማተሚያ ፊደል የተቀዱ ይመስላሉ፤ ከተለያዩ ግን የእጅ ሥራ ናቸው። ቀጥሎ ውፍረቱን ይመልከት፤ ቋሚው ወፍሮ መጋጠሚያው ከቀጠነ፥ አባቱ የብርዕ ጽሕፈት ነው። በመጨረሻም ቅጥያውን ይመርምር፤ ካዕብና ሣልስ፥ ራብዕና ኃምስ የሚለዩት በእርሱ ነውና፥ ሠዓሊ ሁሉን ቢለውጥ ይህን ሊተው አይገባውም።

ጥፋትም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። ቢቸና ብሎ የሚጽፍ ሠዓሊ በቸ ራስ ላይ ያለችውን ጭረት ጌጥ መስላው ቢያስቀራት፥ አገሩ ቢተና ይባላል። ሞጣ ብሎ ሲጽፍም በጣ እግሮች ጫፍ ላይ ለማማር ቅጥያ ቢያክል፥ ሞጣ ሞጫ ሆና ትቀራለች። አንዲት ጭረት የአገር ስም ትሠራለች፥ ታፈርሳለችም።

በቅኔ ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ጌጥም ለፊደል እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ ማኅተም ወይም ምልክት የሚያስቀርጽ ሰው፥ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ስሙን ለማያውቅ አንባቢ ያሳይ። ያ ሰው ሳይጠራጠር ካነበበው፥ ወርቁ ከሰሙ በታች በደኅና አለ ማለት ነው።