መንጠቆ የጠፋበት ሱቅ

ቅዳሜ ልጄን ዓሣ ማጥመድ ላስተምረው ብዬ መንጠቆ ፍለጋ ባሕር ዳር ገበያ ወጣሁ። ሦስት ሱቅ ገባሁ፣ የለም። አራተኛው ላይ የቆመው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። "ቲቸር፣ አሁን መንጠቆ ማን ይጠይቃል? መረብ ከፈለጉ ግን ሞልቷል" አለኝና አንድ ጥቅል ዘረጋልኝ። ስስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የማይታይ ነው። ቀዳዳው ሁለት ጣቴን አላስገባም።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጣና ዓሣ አጥማጅነት ለረጅም ዘመን የነገደ ወይጦ ሙያ ነበር። ጀልባቸው ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ከዳር ብዙም አይርቅም። ጎረቤቱ ሕዝብ ዓሣቸውን እየበላ ራሳቸውን ግን ይንቃቸው ነበር። ይህን ታሪካችንን መደበቅ አያስፈልግም።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በኔዘርላንድስ ድጋፍ የተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ዓሣ ለከተማው፣ ገቢ ለአጥማጁ። ታንኳ የማይደርስበት የሐይቁ መሐል ተከፈተ። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ!

ችግሩ ነጭ ዓሣ ላይ ነው። ጣና ውስጥ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዝርያ አለ፣ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ጠባብ አፍ! እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም፣ የመጪውን ዓመትም ጭምር ነው። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ በንግድ መረብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ቀነሰ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ በሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሱቁ ግን አዋጁን አላነበበም መሰለኝ።

አሁን ውሃው ላይ ያለውም ሰው ተቀይሯል። ድሮ ከአባቱ የተማረ ወይጦ ነበር፤ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ማለትም የኔ ተማሪ። እሱን ልወቅሰው አልችልም፣ እንጀራው ነው። በዚያ ላይ እንቦጩ አለ፣ መረቡን እየጠቀለለ የሚያስቸግረው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ዛሬ ብዙ ትይዛላችሁ፣ ነገ ግን ጀልባውን ትሸጣላችሁ።

መንጠቆውን በመጨረሻ ዳር ላይ ከተቀመጡ አንድ አዛውንት አጥማጅ አገኘሁ። ገንዘብ አልቀበልም አሉኝ። "ልጁ ትንሿን ዓሣ መልሶ መጣል ከተማረ ይበቃኛል" አሉ።

እናንተ ጀልባ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ አደራ! በዚህ ክረምት የወንዝ አፍ ላይ መረብ አትዘርጉ። ሌላው ይዘረጋል የምትሉ ከሆነም እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ እንነጋገር።