እየሠሩ መማር በጣና ዳር፤ ትናንትና ዛሬ

በደራ ወረዳ የምትገኘው ወንዛዬ በፍል ውኃዋ ትታወቃለች። የጉማራን ወንዝ ተከትሎ የሚኖረው አርሶ አደር ደግሞ በበጋ ወራት በሞተር ፓምፕ ውኃ እየሳበ አትክልት ያለማል። ሞተሩ በተበላሸ ጊዜ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ይጠወልጋል። በመሆኑም ሞተር የሚጠግን ባለሙያ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ባለሙያው ከየት እንደሚገኝ ለመረዳት የአካባቢውን የሙያ ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ቀደም ባለው ዘመን ሙያ በቤተሰብ ይወረስ ነበር። የደንገል ታንኳ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ከአባት ወይም ከዘመድ ሥር ሆነው እያዩ ይለምዱ ነበር። ለለማጁ የሚቆረጥ ደመወዝም ሆነ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት አልነበረም።

በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፍቶ የእርሻ መሣሪያ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክ፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሙያዎችን ማስተማር ጀመረ። ደመወዝ በፋብሪካው፣ ዲፕሎማ በኢንስቲትዩቱ ይገኝ ጀመር። ሆኖም ሁለቱም ለአብዛኛው የገጠር ወጣት ሩቅ ነበሩ።

በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ የሩዝ አመራረትን ሲያስተዋውቁ ሥራው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ተሞከረ። አርሶ አደሩ ሩዝን የተማረው በማሳው ላይ እየሠራ ነው። ዛሬ ፎገራ በሩዝ የሚታወቀው ከዚያ በመነሣት ነው።

በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ የወረታውን ጨምሮ፣ ለገጠሩ ልማት ባለሙያ ማሠልጠን ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ደግሞ ሁለት ነገሮችን አመጣ። አንደኛው ሠልጣኙ በተቋምና በሥራ ቦታ እየተፈራረቀ የሚማርበት የትብብር ሥልጠና ነው። ሁለተኛው ሙያውን የትም ይልመደው የት፣ ተመዝኖ ብቁ ሆኖ የተገኘ ሰው የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት የብቃት ምዘና ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ለለማጁ ዋስትና ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም ሆነ እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 የሙያ መልመጃ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜውና ክፍያው እንዲገለጽ ያዝዛሉ። ውሉ ሲያበቃም አሠሪው የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ይሁን እንጂ በየጋራዡና በየወፍጮ ቤቱ መፍቻ እያቀበለ ዓመታትን የሚያሳልፍ ወጣት ዛሬም አለ። እጁ ሙያ ያውቃል፤ ወረቀት ግን የለውም። ሥራ ፈልጎ ከቀዬው ሲወጣ የለመደውን የሚያስመሰክርበት የለውም፤ አርሶ አደሩም ጠጋኙን ያጣል።

ትራክተር፣ መጋዘን፣ ወፍጮ ወይም የሩዝ መፈልፈያ ያለው ዩኒየን አሠሪ ነው። አባላትን ማስተማርና ማሠልጠንም ከኅብረት ሥራ መርሆዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት የአባላትን ልጆች በጽሑፍ ውል እንዲቀበሉ፣ የሥራቸውን ዋጋ እንዲከፍሉና ለምዘና እንዲያቀርቡ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ማኅበራቱን ከኮሌጆች ጋር እንዲያገናኙ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የቆመውን ሞተር የሚያስነሣው ባለሙያ ከዚያው ከቀበሌው ይገኛል።