ሳይቀረጽ የቀረው ፕሮግራም

በስርጭት ላይ ያለን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቤት ውስጥ ቀርጾ በተመቸ ሰዓት የመመልከት ልማድ በአሜሪካ ሥር ከሰደደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህ ዘመን ሁሉ ከልማዱ ያልተለየ አንድ ችግር አለ፤ ባለቤቱ ማታ አዝዞት የተኛው ቀረጻ ጠዋት ሲከፈት ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ከመካከሉ ተቆርጧል፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም ሆኖ ይገኛል። የመቅረጫ መሣሪያዎች ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው በምስል ጥራትና በማከማቻ አቅም ዕድገት ነው፤ ሆኖም የብልሽታቸው ታሪክ ከዕድገታቸው ታሪክ ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ መሣሪያው እየረቀቀ በሄደ ቁጥር የቀረጻው መክሸፊያ ምክንያት ከቤት እየወጣ የባለቤቱ እጅ ወደማይደርስበት ስፍራ ተዛውሯልና።

የቴሌቪዥን ምስልን በመግነጢሳዊ ክር ላይ መቅዳት የቻለውና ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው መሣሪያ አምፔክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረበው ሲሆን፣ የክሩ ስፋት 2 ኢንች ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ቀን ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከኒው ዮርክ የሚተላለፈውን የምሽት ዜና በካሊፎርኒያ ቀድቶ ከ3 ሰዓት በኋላ ለምዕራቡ ጠረፍ አሰራጨው። በሁለቱ ጠረፎች መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ነው ይህን ያስገደደው፤ ስለዚህ ቀረጻ ገና ከመነሻው ሰዓትን የማሸነፊያ ዘዴ ነበር ማለት ይቻላል።

ዘዴው ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ ደግሞ በ1976 ቪኤችኤስን ካወጡ በኋላ ነው፤ በኢትዮጵያ ሕዝቡ በአጭሩ «ዴክ» ያለው መሣሪያ የእነዚህ ወገን ነው። የመጀመሪያዎቹ የቤታማክስ ካሴቶች የሚይዙት 1 ሰዓት ብቻ ስለነበር ለአንድ ሙሉ ፊልም አይበቁም ነበር፤ የቪኤችኤስ ካሴት ግን 2 ሰዓት ይይዛል፤ ይህም ለተፎካካሪው የበላይነት አንዱ ምክንያት ሆኗል። የዘመኑ ዋነኛ የቀረጻ ጠላት ግን የዴኩ ሰዓት ነበር። መብራት ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ያሉት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቁጥሮች 12:00 ላይ ቆመው ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር፤ ሰዓቱን የማያውቅ መሣሪያ ደግሞ መቼ መቅረጽ እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ በዚህ ላይ አንድ ስሌት ይጨመርበታል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚተላለፈውን ዜና ለማስቀረጽ መሣሪያው ላይ 20:00 ወይም የምሽት 8:00 ብሎ መሙላት ግድ ነው። ያም ሆኖ ስህተቱ ሁሉ ቤት ውስጥ ያለ፣ በባለቤቱ ጣት የሚታረም ስህተት ነበር።

መቅረጹ ራሱ ሕጋዊ ስለመሆኑ ግን ክርክር ተነሣ። የፊልም ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን በ1976 ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ተመልካቹ በነፃ የሚሰራጭን ፕሮግራም ለራሱ ጊዜ እንዲመቸው መቅረጹ የቅጂ መብት ጥሰት አይደለም ሲል ወሰነ። አንድ ድምፅ ወደ ሌላው ወገን ቢያደላ ኖሮ ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

በ1999 ቲቮና ሪፕሌይቲቪ የተባሉት፣ በካሴት ፋንታ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀርጹ መሣሪያዎች መጡ። በ2002 ደግሞ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ኤክስፒን ሚዲያ ሴንተር እትም ሲያወጣ፣ በሊኑክስ ላይ የሚሠራውና ለማንም በነፃ የቀረበው ሚትቲቪም በዚያው ዓመት ተጀመረ። በዚህ መንገድ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠ ተራ ኮምፒውተር መቅረጫ ሆነ። ቲዩነር የሚባለው ክፍል ከአንቴናው ወይም ከኬብሉ የሚመጣውን ሲግናል ይቀበላል፤ ሶፍትዌሩ የመርሐ ግብሩን ዝርዝር በኢንተርኔት ያመጣል፤ ዲስኩም ያከማቻል። ባለቤቱ የፕሮግራሙን ስም መርጦ «ሁሉንም ክፍል ቅረጽ» ይላል እንጂ ሰዓት አይሞላም።

ችግር ሲደርስ ፍተሻው ከገመዱ መጀመር እንዳለበት ልምድ ያላቸው ሰዎች ያውቃሉ። በአናሎግ ዘመን ሲግናል ሲደክም ምስሉ በነጠብጣብ ይሸፈናል፣ ድምፁም ይንሿሿል፤ ፕሮግራሙ ግን ይታያል። የአሜሪካ ዋና ዋና ጣቢያዎች ጁን 12 ቀን 2009 ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል ከተሻገሩ በኋላ ይህ ምሕረት ቀረ፤ ሲግናሉ ከጫጫታው፣ ማለትም ከሚረብሸው ባዕድ ሞገድ፣ በ15 ዴሲቤል ገደማ እስከበለጠ ድረስ ምስሉ እንከን የለሽ ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ሁለተኛ ቲዩነር ለመጨመር ሲባል ገመዱን ለሁለት የሚከፍል ማከፋፈያ ሲገባ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ኃይል ከግማሽ በታች ይሆናል። ቀን ጥሩ የሚሠራው ጣቢያ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ባዶ ፋይል ትቶ የሚገኘው በዚህ የተነሣ ነው። ማከፋፈያውን ነቅሎ አንቴናውን በቀጥታ ማገናኘትና እንደገና መሞከር ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ ይቀድማል። ዲስኩም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንድ የዲጂታል ጣቢያ በሰከንድ እስከ 19.39 ሜጋቢት ስለሚያስተላልፍ የ1 ሰዓት ቀረጻ ከ8 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ፕሮግራም ሲቀረጽና አራተኛው ሲታይ የዘገየ ዲስክ ምስሉን ይቆራርጠዋል።

እነዚህ ሁሉ አሁንም ቤት ውስጥ ያሉ ችግሮች ናቸው። የመርሐ ግብሩ ዝርዝር ግን የሌላ ሰው ነበር። የሚትቲቪ ተጠቃሚዎች ዝርዝሩን በነፃ የሚያገኙበት የዛፕቱኢት አገልግሎት ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ሲዘጋ፣ መሣሪያዎቹ ምንም ሳይጎድላቸው የነገውን የማያውቁ ሆነው ቀሩ፤ ክፍተቱን የሞላው በዚሁ ምክንያት የተቋቋመውና በመጠነኛ ክፍያ የሚሠራው ስኬጁልስ ዳይሬክት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ዝርዝሩ ትክክል በሆነበት ጊዜም ቢሆን ጨዋታ ሲራዘም ተከታዩ ፕሮግራም ይገፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን በተነገረው ደቂቃ ያቆማል። በፕሮግራሙ ፊትና ኋላ ጥቂት ደቂቃዎችን መጨመር የተለመደ መላ የሆነው ለዚህ ነው፤ መላው ሌላ ቀረጻ ከሚጀምርበት ሰዓት ጋር ሲጋጭ ደግሞ አንዱ ይሠዋል።

ከሁሉ የከበደው የፈቃድ ጉዳይ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2003፣ «ይህ እንዳይባዛ» የሚል ምልክት በስርጭቱ ውስጥ እንዲገባና መሣሪያዎች ሁሉ እንዲታዘዙለት ደንብ አወጣ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብሎ በሜይ 2005 ሻረው። ደንቡ ቢሻርም በሜይ 2008 ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ የሚያሰራጫቸውን አንዳንድ ፕሮግራሞች ሊቀርጹ ያዘዙ የሚዲያ ሴንተር ተጠቃሚዎች መቅረጽ ተከለከሉ። ኤንቢሲ ምልክቱ የተላለፈው በስህተት ነው አለ፤ ማይክሮሶፍትም ሶፍትዌሩ ምልክቱን እንደሚያከብር አስታወቀ። በእነዚያ ቤቶች ገመዱ፣ ቲዩነሩና ዲስኩ ደኅና ነበሩ፤ ምንም ያህል ቢፈተሽ የሚገኝ ብልሽት አልነበረም፤ የተመልካቹን መብት ካጸናው የ1984 ፍርድ በኋላ ይህ መሆኑ ቅር ሊያሰኝ የሚገባ ነገር ነው። በኬብል በኩል ደግሞ «አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳ» ተብሎ የተላለፈ ፕሮግራም ከቀረጸው ኮምፒውተር ጋር የተቆራኘ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ሲቀየር የዓመታት ቀረጻ ሊከፈት የማይችል ፋይል ሆኖ ይቀር ነበር።

ማይክሮሶፍት በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ሚዲያ ሴንተርን ተወው፤ በጃንዋሪ 2020 ደግሞ በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ለሚሠራው የመርሐ ግብር ዝርዝር መላክ አቆመ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ሥራ ላይ የቆዩት ኮምፒውተሮች ሲግናል ይቀበሉ ነበር፣ ዲስካቸውም ቦታ ነበረው፤ ሌላ የዝርዝር ምንጭ ያላገኘ ባለቤት ግን እንደ ካሴቱ ዘመን የጣቢያውን ቁጥር፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት በእጁ መሙላት ነበረበት።