ካሎሪ የተቆጠረው ለማጥገብ ነበር

ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ወደ ምክር ክፍሌ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ላይ አንድ ዕቅድ ይዞ ነው። ዕቅዱ ከየትም ይምጣ፣ አንድ ቁጥር አይጠፋበትም፦ በቀን 1,200 ካሎሪ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ታሪኩ መታወቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ምግብን በካሎሪ መቁጠር የተጀመረው ሰውን ለማክሳት አልነበረምና።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዊልበር አትዋተር የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት በሚድልታውን ከተማ፣ በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ሰው የሚገባበት ዝግ ክፍል አሠሩ። የገባው ሰው እዚያው እየበላና እየተኛ፣ አንዳንዴም ፔዳል እየመታ ለቀናት ይቆያል፤ ከገላው የሚወጣው ሙቀትና የሚተነፍሰው አየር ይለካል። የአትዋተር ሐሳብ ያለው ሠራተኛው ቤት ነበር። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ አባወራ በያዛት ገንዘብ ጉልበት የሚሆን ምግብ እንዴት ይግዛ?

ስሌቱን ወደ ማቅጠኛነት ያዞሩት የካሊፎርኒያዋ ሐኪም ሉሉ ሃንት ፒተርስ ናቸው። ራሳቸው ወፍራም ነበሩ፤ ቀነሱም። እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተሙት መጽሐፍ አንባቢዎቻቸው «አንድ ቁራሽ ዳቦ» ማለት ትተው «100 ካሎሪ ዳቦ» እንዲሉ አስተማሩ፤ መክሳት ለሚፈልጉትም 1,200ን አስቀመጡ። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበርና፣ ከወፍራሙ ሰው ማዕድ የሚተርፈው ለተራቡ ሕፃናት እንዲውል ይወተውቱ ነበር።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ የታየው ግን በሁለተኛው ጦርነት ማብቂያ ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪይስ የተባሉ ተመራማሪ 36 ወጣቶችን ሰበሰቡ። በእምነታቸው የተነሳ ጠመንጃ አንይዝም ያሉ፣ ጤነኞችና ፈቃደኞች ነበሩ። ዓላማው ጦርነቱ ያስራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት ዳቦ፣ ድንች፣ ጎመንና መኮሮኒ የመሳሰለ ምግብ ተሰጣቸው፤ በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዛሉ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሄደ። የልብ ምታቸው ዘገየ፣ እግራቸው አበጠ፣ በበጋ ይበርዳቸው ጀመር። ሳህን ይልሱ ነበር። ምግብ ማብሰል አስቦ የማያውቅ ወጣት የወጥ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰበ ሌሊት ያነብ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ጣቶቹን በመጥረቢያ ቆርጧል። ምግቡ ሲመለስላቸውም ሰውነታቸውና መንፈሳቸው ወዲያው አልተመለሰም። ኪይስ ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1,300 ገጽ በላይ በሆነ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙት።

እርግጥ እነዚያ ልጆች ሲጀምሩም ወፍራም አልነበሩም፤ ስብ ያከማቸ ሰውነት እንደነሱ ቶሎ አይጎዳም። ቢሆንም ለረሃብ ጥናት ከተመደበው ምግብ ያነሰ መጠን፣ ማንነቱ ላልታወቀ ሰው በስልክ ሲታደል ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

በአገራችንም የምግብ ስሌት የመጣው በዚሁ የማጥገብ በር ነው። የምግባችንን ይዘት የሚያሳየው ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ላይ የወጣው፣ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ነበር። በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ይኸው ተቋም ነው፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት የሕፃናት ምግብ ፋፋም ከእሱ ወጣ። ጤፉና ሽሮው የተመረመሩት የከሳ ሕፃን እንዲያገግም ነው። ዛሬ ያንን ስሌት ለማቅጠኛ ስንጠቀም ሌላም ችግር አለ፤ እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። አራት ሰው የከበበው እንጀራ ላይ፣ ጉርሻው ሲጨመርበት፣ የራስን ድርሻ በካሎሪ መቁጠር አይሆንም። ስለዚህ ዘይቱን በማንኪያ ማስለካት፣ እንጀራውን ለብቻ ማስቀመጥ፣ ምስሩንና ጎመኑን ማብዛት ይቀለኛል፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ስልኩን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ስለ መድኃኒት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ኩላሊትና ስለ ልብ ነው። በቅርቡ የስኳር መርፌ የሚወጉ እናት ልጃቸው ያወረደችላቸውን የ1,200 ዕቅድ ይዘው መጡ። «ቁርስ ልተወው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ኢንሱሊኑ እንደነበረ ሆኖ ቁርሱ ቢቀር ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ እንደሚችሉ አስረዳኋቸው። ከዚያ አብረን ወደ ሐኪማቸው ሄድን፤ በመጀመሪያ የመርፌው መጠን ታየ፣ ከምግቡ የሚቀነሰውም ከእሱ በኋላ ተወሰነ፤ ቁርሱ አልተነካም።